ከአስከሬኑ በቀር

የጆኒ መኪኖች ሞተራቸው እንደተነሣ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ሰባት ናቸው። ሁሉም ታጥበው ያብረቀርቃሉ፤ ሁሉም በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራታቸውን አብርተዋል፤ ጭሳቸውም በድንኳኑ ሸራ ሥር እየገባ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አዛውንቶች ያስላል። ከእድሩ ሰዎች «አጥፉት» ያለ አንድም አልነበረም። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ።

አካሉ ከቤቱ በራፍ፣ ከእናቱ አስከሬን ሣጥን አጠገብ ቆሞ እነሱን ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም። ዓይኑ በሌሊቱ ልቅሶ አብጧል፤ ያቀረቀረው ሐዘን ከብዶት እንደሆነ ሁሉም አምኗል። እሱም ቢሆን ይህንኑ ባመነ ደስ ባለው ነበር። እውነቱ ግን ከማለዳው ጀምሮ እናቱን በቅጡ ሊያዝንላት እንኳ አልቻለም፤ እፍረት መሐል ገብቶ ሐዘኑን ቀምቶታል።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታዴዎስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡት። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሞተር ያለ ሥራ ሲጮህ ከሰው ሁሉ በላይ እሳቸውን ያማቸዋል።

«ጸሐፊ» አሉት ዝግ ባለ ድምፅ፤ የእድሩ ጸሐፊ እሱ ነውና። «እኛ እንግዲህ እንደተለመደው በእግራችን ነን። መኪኖቹን ግን…»

አልጨረሱትም። እንዲጨርሰው ለእሱ ተዉለት።

«ወንድሜ ነው ያመጣቸው» አለ አካሉ። «ምን ላድርግ ጋሼ? በዚህ ሰዓት ከሱ ጋር ልጣላ?»

«ኧረ ማን ተጣላ አለህ! እናት ናት» ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። ሐዘንተኛን በእናቱ ቀብር ቀን የሚሞግት ሰው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ አይገኝም። አካሉ ይህን ስለሚያውቅ ነው የዋሸው።

ጆኒ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሲግናል ሰፈር ደውሎለት ነበር። ታናሽ ወንድሙ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ነዳጅ የማይጠፋው ዓይነት ሰው። «ጋሼ፣ ሰባት መኪና አዘጋጅቻለሁ፤ ሁሉም ታንካቸው ሙሉ ነው። ግን እናንተ ሰፈር የሆነ ሕግ ወጥቷል ይባላል። ላምጣ ወይስ ልተው?» ብሎ በግልጽ ጠየቀው። አካሉ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች አሰበ፤ ስለ ሚስቱ ዘመዶች አሰበ፤ ከሣጥኑ ኋላ ባዶ መንገድ እያዩ የሚንሾካሾኩትን በዓይነ ሕሊናው አየ። «አምጣቸው» አለ። አንዲት ቃል ናት፤ ከአፉ ለመውጣትም ጊዜ አልወሰደባትም።

ሕጉን ያወጣው ማን ሆነና! ከአራት ወር በፊት፣ ማደያዎቹ ፊት ሰልፉ ቀን ከሌት አልበተን ሲል፣ ታክሲም ከዳገቱ መንገድ እየጠፋ ሲሄድ፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የተነሣው አካሉ ነበር። በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ይዞ ይወጣል። መብራት አብርቶ፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ እንጦጦ ወገብ ላይ እስካለችው ቤተ ክርስቲያን ድረስ አስከሬኑን ይከተላል፤ ባትሪው የደከመበት ደግሞ ቀብሩ እስኪያልቅ ሞተሩን አያጠፋም። አካሉ መዝገብ ቤት ያደገ ሰው ነውና ቁጥር ይወዳል። በአንድ ቀብር የሚቃጠለውን ቤንዚን በሊትር አስልቶ አነበበላቸው። ከዚያ ወደ ሰዓዲያ ጉዳይ ዞረ። ሰዓዲያ ኩላሊቷ ታሞ በሳምንት ሁለቴ ለእጥበት ሐኪም ቤት መድረስ ያለባት ጎረቤታቸው ናት። ከስብሰባው በፊት በነበረው ሳምንት መኪና አጥታ ባሏ በጀርባው አዝሏት እስከ ዋናው መንገድ ወርዶ ነበር።

«እኛ ለሞተ ሰው የምናቃጥለው በሕይወት ላለችው ይበቃታል» አለ። ከዚያ ተጨበጨበ።

ውሳኔውን በእጁ ጻፈው፤ ፊደሉ ያምራል። ከአስከሬኑ በቀር ወደ ቀብር በመኪና የሚሄድ አይኖርም። መኪና ያለው አባል በየወሩ አምስት ሊትር ከታንኩ ያካፍላል። ጋሽ ታዴዎስ በዚያ ዕድሜያቸው የላስቲክ ቱቦ በአፋቸው እየሳቡ ከየመኪናው ቀዱ፤ ቤንዚኑ በጀሪካን ሆኖ ከእድሩ ድስትና ሳህን ተለይቶ በቆርቆሮ ቤት ተቆለፈበት። ሰዓዲያ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም። አካሉ ራሱ መኪናውን ሸራ አልብሶ አቆማትና መገናኛ ያለው መሥሪያ ቤቱ ድረስ በእግሩ ይመላለስ ጀመር። ሱሪው ሰፋው። መንገድ ላይ ሰው «ጸሐፊው በረታ!» ሲለው ደስ ይለዋል፤ ደስ ማለቱንም አይደብቅም ነበር። እናቱ የማርያምወርቅ ከአልጋዋ ሆና ትስቅበታለች። «እኔን እንግዲህ በቅርጫት ነው የምታወጡኝ» ትለዋለች።

ሕጉ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ከበበ ሞተ። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሚስቱ ሎሚ ሾላ ገበያ ድንች ትሸጣለች፤ እናቱ እማማ ጋዲሴ አብረዋቸው ይኖራሉ። በቀብሩ ዕለት ሎሚ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከድንኳኑ ጀርባ አካሉን አገኘችው።

«ጋሼ፣ ለአማቴ ብቻ። አንድ መኪና። ጉልበታቸውን ያውቁታል።»

«ሎሚ፣ ጨክኜ አይደለም። ገና የመጀመሪያው ቀብራችን ነው። ዛሬ ለአንድ ሰው ከፈቀድን ነገ ሁሉም ይጠይቀናል።»

«እሺ፣ ቀስ ብለው ይምጡ፤ ቀብሩ እስኪደርሱ ይጠብቃቸው።»

«ቀብር ለአንድ ሰው ማቆየት አንችልም» አላት።

ጋሽ ታዴዎስ በአጠገባቸው ቆመው ነበር፤ «ጸሐፊ፣ እስቲ…» ብለው ጀመሩ፤ እሱ ውሳኔው የተጻፈበትን ደብተር ብብቱ ውስጥ ጠበቅ ሲያደርግ አይተው ተዉት። በዚያን ሰዓት አካሉ በራሱ ኮርቶ ነበር። ለዘመድም ለባዳም የማያዳላ ሰው የሚባለው እንደዚህ ነው ብሎ አሰበ። እማማ ጋዲሴን ሁለት ጎረምሶች ደግፈዋቸው ትንሽ ወጡ። ከዚያ «እናንተ ልጄን ቅበሩልኝ፣ እኔ እመጣለሁ» ብለው ሰደዷቸው። ቀብሩ አልቆ ሰው ሲመለስ አካሉ ባሕር ዛፎቹ መሐል አገኛቸው፤ በምርኩዝ ብቻቸውን ሽቅብ ይወጣሉ።

«ተቀበረ?» አሉት።

«ተቀበረ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አላለቀሱም። «እሺ» ብለው መውጣታቸውን ቀጠሉ። ያቺ «እሺ» አካሉን እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም። ከዚያ ወዲህ በነሎሚ በር አያልፍም፤ ዞሮ በላይኛው መንገድ ይሄዳል። የሚሠራ ሕግ አውጥቷል፤ ሰዓዲያ በሕይወት አለች፤ ታዲያ ለምን እንደሚዞር ራሱን አልጠየቀም።

ጥሩምባው ተነፋ። ሣጥኑ ወጥቶ ክፍት መኪና ላይ ተጫነ፤ ሴቶቹ ጮኹ። ጆኒ ጥቁር መነጽሩን አጥልቆ የፊተኛዋን መኪና በር ለወንድሙ ከፈተለት። አካሉ ገባ። ሚስቱን ሥርጉትን ወደ ኋላ ወንበር ጠራት።

«እኔ ከሰዎቹ ጋር በእግሬ እሄዳለሁ» አለችው። ጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

ጉዞው ተጀመረ። ከፊት አስከሬኑ፣ ከዚያ ሰባቱ መኪኖች፣ ከሁሉም ኋላ የእድሩ ሰዎች። አካሉ ይህን ቀደም ብሎ አላሰበውም ነበር። አራት ወር ሙሉ ከሣጥኑ ኋላ እግር በእግር ሲከተል የኖረው ሕዝብ ዛሬ ሰባት የጭስ ቱቦ ከሣጥኑ ለይቶታል። በጎን መስተዋቱ አያቸው፤ አቧራው ሲነሣ ይጠፋሉ፤ ሲረጋ ይመለሳሉ። ከፊተኞቹ መሐል የሰዓዲያን ባል ለየው፤ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይራመዳል። ሰውየው በሕይወቱ ያልነዳውን መኪና ጭስ ይስባል፤ ያም ሆኖ ለአካሉ እናት ብሎ ዳገት ይወጣል። የአካሉ ጭንቅላት ሳይጠየቅ ማስላት ጀመረ። ሰባት መኪና፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ደርሶ መልስ። የሰዓዲያን የአንድ ወር መመላለሻ ያህላል። ስሌቱን ሊያቆመው ሞከረ፤ አልቆም አለው።

«አየህ፣ አምሮባታል» አለ ጆኒ መሪውን እንደያዘ። ድምፁ ተሰበረ። «በሕይወት እያለች ምንም አላደረግሁላትም ጋሼ። ቢያንስ ይሄን እንኳ።» አካሉ ወንድሙን መቆጣት አማረው፤ ምክንያት ግን አጣ። ጆኒ ጠይቆ ነው ያመጣው።

የሰፈሩ ቤቶች አልቀው ባሕር ዛፉ ሲጀምር መንገዱ ይታጠፋል። እዚያ መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ አስከሬን ይቆማል፤ ቄሶቹ ጸሎት ያደርሳሉ። መኪኖቹ ቆሙ። አካሉ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን መሬት እንዳስነካ ነው ያያቸው።

እማማ ጋዲሴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለልጃቸው የለበሱት ጥቁር ልብስ ገና ከላያቸው አልወረደም። ሣጥኑ ፊታቸው ሲቆም ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ተቀምጠው፣ በሦስተኛው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለአካሉ እናት አጎነበሱ። የክፍት መኪናው ጭስ ጉልበታቸው ላይ ይነፋል።

አካሉ ጸሎቱ እስኪያልቅ አንድም ቃል አልሰማም። ሲያልቅ ወደሳቸው ሄደ።

«እማማ፣ ይግቡ። እኔ የተቀመጥኩበት ይግቡ።»

መኪናዋን ከጎማዋ እስከ መብራቷ አዩዋት። «በመኪና የሚሄደው አስከሬን ብቻ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል አሉ። እኔ ገና ነኝ» አሉት። ፈገግታ ብጤ ፊታቸው ላይ አለፈ።

«እባክዎ እማማ።»

«ተወኝ ልጄ። ዛሬ በጊዜ ነው የወጣሁት። ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። እደርሳለሁ።»

አካሉ መሬት ብትከፈት በወደደ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት! እሱ «አምጣቸው» ባለ ገና በሁለት ሰዓቱ እሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤት ወጥተዋል ማለት ነው። አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል።

ወደ ጆኒ ተመለሰ። «መኪኖቹን መልሳቸው» አለው።

«እዚህ ላይ? ጋሼ፣ ወዲህ ገደል ነው፣ ወዲያ ቦይ። የት ይዙሩልህ? መዞሪያው እኮ ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ።» እውነቱን ነበር። የመጣ መኪና ሁሉ እስከ ላይ ከመውጣት በቀር መመለሻ የለውም። «ግባ፣ ቄሶቹ እየሄዱ ነው።»

«ሂዱ» አለ አካሉ። በሩን ከውጭ ዘጋው።

መኪኖቹ አንድ በአንድ አለፉት። ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች በላብና በአቧራ ነጥተው ደረሱ። ጋሽ ታዴዎስ አካሉን፣ ከዚያም አሮጊቷን አይተው ባርኔጣቸውን ትንሽ ነካ አድርገው አለፉ። ሥርጉት ጥላዋን በእጁ ላይ አኑራለት ሄደች። ሎሚ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ልትቆም አለች።

«አንቺ ሂጂ፣ አልቅሺላት» አሏት እማማ ጋዲሴ። «ጸሐፊው አለ።»

ሎሚ አካሉን አየችው። ከሦስት ወር በላይ ሲሸሻት የነበረውን ዓይን ነው። የአማቷን ክንድ ከእጇ ወደ እጁ አሻግራ ሰጠችው።

መውጣት ጀመሩ። አሥር እርምጃ ያህል ይሄዳሉ፤ ይቆማሉ። እሳቸው ይተነፍሳሉ፤ እሱ ጥላውን ይይዝላቸዋል። የሰዎቹ ድምፅ ከፊታቸው እየራቀ ሄደ፤ አቧራው ረጋ፤ የባሕር ዛፉ ነፋስ ብቻ ቀረ። በእግሩ ብዙ የሄደ ሰው ነኝ ይል ነበር፤ በዚህ ዓይነት ፍጥነት ግን ሄዶ አያውቅም። እንዲህ ሲኬድ መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝም አላወቀም ነበር። ልጃቸው ከፊት ሄዶ እሳቸው ይህን መንገድ ብቻቸውን ነው የወጡት።

«እናትህ ጠንካራ ሴት ነበረች» አሉት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ።

«ታማ ቆየች እንጂ።»

«ታማም መጥታለች እኔ ጋ። የከበበ አርባ ሰሞን ነው። ሥርጉት ደግፋት። አልነገረችህም?»

አካሉ ጥላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ‹ልጄ ክፉ አይደለም፣ የሰው መውጣት መውረድ አይታየውም እንጂ› አለችኝ። እኔም ማርኩት አልኳት። እንዴት አልምርም፣ በዚያ ሕመም መጥታ! ቀብርሽ ላይ እገኛለሁ ብዬም ቃል ሰጠኋት። ሳቀች። ‹በጊዜ ውጪ ታዲያ› አለችኝ።»

ሥርጉት አውቃ ሁለት ወር ሙሉ ማዕድ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። እናቱ በዚያ ያበጠ እግሯ የእሱን ጥፋት ተሸክማ ሄዳለች፤ ተመልሳም በቅርጫት ታወጡኛላችሁ እያለች ስቃበታለች። እሱ ያን ጊዜ ጫማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ይቆጥር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አልመጣ ያለው ልቅሶ አሁን መጣ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዙረው እስኪጨርስ ጠበቁት።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጠራ። ጆኒ ነበር።

«ጋሼ፣ የት ነህ? ሣጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ቄሶቹ ሌላ ቀብር አለባቸው። ያላንተ እንዴት አፈር ይልበስ? አንዱን መኪና ልላክልህ?»

«አትላክ።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ምን ይላል?» አሉ እማማ ጋዲሴ።

«ሊቀብሯት ነው።»

ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ ሽቅብ አዩ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ በዛፎቹ መሐል ብልጭ ይላል፤ ቅርብ ይመስላል፤ ለሳቸው ግን ገና ነው። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት። ሲናገሩ ልመና አልነበረበትም።

«ይጠብቁ በላቸው። ለኔ ብለው ይጠብቁ።»

አካሉ ስልኩን አጥብቆ ያዘ። ላይ ያለው ሁሉ እድሩ ነው፤ ጭብጨባውም፣ ያ ደብተርም፣ ሎሚን የመለሰበት ቃልም እዚያ ነው ያሉት። «ጆኒ፣ ስልኩን ለጋሽ ታዴዎስ ስጣቸው» አለ።

ሽማግሌው እስኪቀበሉ የመኪኖቹ ሞተር በስልኩ ውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማል።

«ጋሼ፣ እማማ ጋዲሴ እየመጡ ነው። ቀብሩ ይቆይልን።»

«አቤት? አይሰማም ጸሐፊ!» ጋሽ ታዴዎስ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ጮኹ፤ «ኧረ እነዚህን ሞተሮች አጥፏቸው፣ ሰው እያናገርኩ ነው!» ከዚያ ወደ እሱ ተመለሱ። «ድገመው እስቲ፣ ምን ይሁን አልክ?»

አንደኛው ሞተር ጠፋ። ቀጥሎ ሁለተኛው። እማማ ጋዲሴ ምርኩዛቸውን ይዘው ለመነሣት እየተዘጋጁ ያዩታል። አካሉ ሰባተኛው እስኪጠፋ ጠበቀ፤ ከዚያ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።